ከሞሬና ኋላ ሦስት ዙር

ኢዮሌ ሰው ማመን የተወችው ልጇን የቀበረች ዕለት ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ አልነበረችም፤ ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ለግድግዳ የኖርኩ ጎረቤቷ ነኝና እኔ እመሰክርላታለሁ። ባሏ ኔሪዮ በጋውን ባሕሩ ዳር ጃንጥላና ወንበር የሚያከራይ፣ ክረምቱን ደግሞ የተሰበረውን ሲጠግን የሚከርም ጭምት ሰው ነበር። ሁለት ልጆች ወለዱ፣ ሞሬናንና ሎሪስን። በእኛ አገር፣ በጣሊያኗ ሮማኛ፣ ልጅ ከመራመዱ በፊት ሞተር ላይ ይቀመጣል ይባላል፤ እነዚያም ሁለቱ እንደዚያው አደጉ። ከቤቱ ሞተር የማይነዳ ኔሪዮ ብቻ ነበርና ቡና ቤት በገባ ቁጥር “የብስክሌቱ ጌታ መጣ” እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቃል።

ከስድስት ዓመት በፊት አንድ እሑድ ጠዋት እኅትና ወንድም በየሞተራቸው ከባሕሩ በላይ ወዳለው ጠመዝማዛ መንገድ ወጡ። ሞሬና ከፊት፣ የሃያ ሁለት ዓመቱ ሎሪስ ከኋላ። አንዱን ኩርባ እንዳለፈች በስፖኪዮ ብታይ ወንድሟ የለም። ቡና ሊጠጣ ቆሞ ይሆናል ብላ ቀጠለች… ምነው ያን ጊዜ በተመለሰች! ግን ብትመለስስ ምን ታተርፍ ነበር? ልጁ ገደሉ ሥር የወደቀው ወዲያው ነበር። ይህን ሐኪሙም ፖሊሱም ተናግረዋል፤ እናት ግን ሐኪም አትሰማም። ቀብሩ ላይ፣ እኛ ሁላችን ቆመን ሳለን፣ ኢዮሌ ሴት ልጇን ትክ ብላ አየቻትና “አንቺ ነሽ የመራሽው። ዞር ብለሽ እንኳ አላየሽውም” አለቻት። ከእናቷ አፍ ይህን የሰማች ልጅ ወዴት ትግባ? ሞሬና በሳምንቱ ጓዟን ሸክፋ ቶሪኖ ገባች። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ አንዳቸው የሌላቸውን ድምፅ አልሰሙም፤ በዚያ ቤትም ሞተር የሚል ቃል የሚያነሣ ጠፋ።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ነው። ኔሪዮ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ይከሳ ጀመር። ማለዳ ተነሥቶ የጃንጥላው መጋዘን ውስጥ እየቆለፈ ቁጭ ብድግ ይሠራል፣ ስልክ ሲደወልለት ወደ በረንዳ ይወጣል፣ ማታ ሲመለስ ፊቱ ላይ ኢዮሌ ለስድስት ዓመት ያላየችው ፈገግታ አለ። ፈገግታው ነው ያስጨነቃት! ሐዘን ያለበት ቤት ውስጥ ሰው በምን ምክንያት ፈገግ ይላል? ጎረቤታችን ፌርናንዳ ደግሞ እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ የምትወድ ሴት ናት። “ዕድሜ ልኩን ቦርጩን ይዞ የኖረ ሰው ዛሬ ሆዱን ማጥፋት ከጀመረ፣ ለአንቺ ብሎ እንዳይመስልሽ” አለቻት። ቃሉ ኢዮሌ ጆሮ ውስጥ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን የኮቱን ኪስ በረበረች። ትንሽ ደብተር አገኘች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በባሏ እጅ ጽሑፍ ሁለት ተከታታይ ቀናት ተጽፈዋል፣ የመስከረም ቅዳሜና እሑድ። ከሥሩ “ሆቴል፣ ለሁለት ሰው”፣ ከነሆቴሉ ስም። ከዚያ “የሴት የቆዳ ቱታ፣ ቁጥር 44፣ እንዲጠባት”። ከዚያ “ሙዝ፣ ብዙ ውኃ፣ በጊዜ መተኛት”። ገጹን ልትገልጥ ስትል የኔሪዮን ኮቴ ደጁ ላይ ሰማችና ደብተሩን መለሰች። ምነው ያንን አንድ ገጽ በገለጠችው! አርብ ዕለት ባሏ ቦሎኛ የባሕር ዳር ዕቃዎች ትርኢት አለ፣ ሁለት ቀን እቆያለሁ አላት። “ደህና ሁን” አለችው። ፊቱን ግን አላየችውም።

እውነቱ ምን ነበር? ኔሪዮ ተደብቆ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ፣ አንድ ያረጀ ሞተር ገዝቶ መጋዘኑ ውስጥ ደብቆ ነበር። ከተራራው ማዶ ባለው የሞተር መሮጫ ለጀማሪዎች የሚፈቀዱ ሁለት ቀናት አስመዘገበ፣ ለራሱም ለሞሬናም። ያቺ ልጅ ከወንድሟ ሞት ወዲህ ሞተር ነክታ አታውቅም፤ ከኋላዬ ሰው አላስከትልም ብላ ምላለች፤ እሱ ግን በረንዳው ላይ በስልክ ለምኖ ለምኖ እሺ አሰኛት። አባትየው ያሰበው ይህን ነው፦ ቅዳሜ እሱ ይማራል፣ እሑድ ጠዋት ገና ክንዱ ሳይዝል ከሷ ኋላ ሦስት ዙር ነድቶ ደህና ይገባል። ከኋላዋ የመጣ ሰው በሕይወት ሲገባ ልጁ በዓይኗ እንድታይ ነበር የፈለገው። ከዚያ ኢዮሌን ሊጠራት። ቀድሞ ቢነግራት እንደማትፈቅድ ያውቃል፤ ስለዚህ ዋሸ። ለደግ ብሎ የዋሸ ሰው ግን ከአታላይ በምን ይለያል? የሚጠረጥር ዓይን ሁለቱንም አንድ አድርጎ ነው የሚያይ።

ቅዳሜ ሲመሽ ኢዮሌ አስባ አስባ፣ ደብተሩ ላይ ባየችው ስም የሆቴሉን ስልክ ፈልጋ ደወለች። ስልኩን ያነሣው ልጅ በትሕትና “ሲኞር ኔሪዮና አብራቸው ያለችው ወጣቷ ሲኞሪና ገና አልገቡም” አላት። ስልኩን እንደያዘች ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ቀጥሎ ለባሏ ደወለች፣ ደረቴን ወጋኝ፣ ልሞት ነው መሰለኝ ብላ። ውሸቷን ነበር! ምንም አልነካትም! ኔሪዮ ያን ቀን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት ጊዜ መሮጫው ላይ ወጥቷል፤ ጣቶቹ ሹካ እንኳ አይዙለትም ነበር። ሞሬናን ሆቴሉ ትቶ ተራራውን አቋርጦ መኪናውን ሁለት ሰዓት ተኩል ነድቶ መጣ። ኢዮሌ ሲጠጋት አሸተተችው፤ ሽቶ የለም፤ የተቃጠለ ጎማና ላብ ነው የሚሸተው። “ይቺ ደግሞ ምን ዓይነት ሴት ናት?” ብላ አሰበች። እሱ ግን አልጋው ጫፍ ተቀምጦ የደም ሥሯን እንደያዘ፣ ዓይኑን ሳይከድን አነጋ።

ሲነጋ ተነሣ። እንዳይሄድ ለመነችው። “ኢዮሌ” አላት፣ “ስድስት ዓመት ምንም አልጠየቅሁሽም። እስከ ዛሬ ማታ ብቻ እመኚኝ።” ግንባሯን ስሟት ወጣ። እሷ ደግሞ ከመቅጽበት ፌርናንዳን ቀስቅሳ በፌርናንዳ መኪና ተከተለችው።

መሮጫው ደጃፍ ስትደርስ የሞተር ጩኸት ተቀበላት። ኔሪዮ እዚህ ምን ይሠራል? ልጄን የበላብኝ ነገር ሴት መስሎ ባሌንም ሊበላብኝ መጣ? ከአንድ ትልቅ መኪና ጀርባ ተሸሽጋ አየቻቸው። ጀርባዋን የሰጠች፣ የቆዳ ቱታ የለበሰች ሴት የኔሪዮን ኮሌታ ስትቆልፍለት፤ ኔሪዮ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ሲያሸልብ፣ ሴትየዋ ጃኬቷን አውልቃ ስትደርብለት። ሄዳ ፊት ለፊት ብትቆምስ? ስሙን ብትጠራስ? አልጠራችውም… እጅ ከፍንጅ ልያዛቸው ብላ ቀኑን ሙሉ እዚያው ቆመች። ኔሪዮ አርፍዶ በመድረሱ ለነጂዎች የሚሰጠው የጠዋቱ የደኅንነት ማብራሪያ አምልጦት ነበር፤ ማብራሪያውን ያልሰማ ደግሞ አይወጣም። ተራው ከሰዓት በኋላ ወደ ማለቂያው ተገፋ። በዚያ ቦታ “የመጨረሻው ዙር” የሚል ቃል ከአፉ ያመለጠው ሰው ክፉ ዕድል እንዳያገኘው ቶሎ ብሎ ብረት ይነካል፤ ነባሮቹ ቃሉን ጨርሶ አያነሡትም። ኔሪዮ ጀማሪ ነው፣ ምን ያውቃል? “የመጨረሻዋ ናት፣ እንውጣ” አላት። ሞሬና ጓንቱን ማጥለቅ ሲያቅተው አይታ ለሌላ ዓመት እናቆየው ብላ ለመነችው። “ስድስት ዓመት ቆየሁ እኮ፣ የኔ ልጅ” ብሎ ሄልሜቱን አጠለቀ።

ወጡ። ሴትየዋ ከፊት፣ ኔሪዮ ከኋላ። አንድ ዙር አለፉ፣ ኢዮሌ ጥርሷን ነክሳ ቆጠረች። ሁለተኛውንም አለፉ። በሦስተኛው ሴትየዋ ብቻዋን መጣች። ቀይ ባንዲራ ወጣ፣ ሞተሩ ሁሉ ዝም አለ። ሴትየዋ እየበረረች ገብታ ሞተሯን ጣለችው፤ ከዚያም ተንበርክካ በጥፍሯ ስፖኪዮው ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር ትልጥ ጀመር። መሮጫው ላይ ስፖኪዮ ይሸፈናል፣ ማንም ወደ ኋላ እንዳያይ ደንብ ነው። እሷ ግን የወደቀ ሞተር ስፖኪዮ እየላጠች “አባዬ የታለ? አባዬ የታለ?” ትላለች። ሄልሜቷን ስታወልቅ ኢዮሌ አየቻት። ስድስት ዓመት ያላየችውን የገዛ ልጇን ፊት! እዚያው አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች።

ኔሪዮ ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ጫፍ ላይ ፍሬኑን መጨበጥ አልቻለም። ጣቱ ዝሎ ነበር። ሁለት ቀን ሆስፒታል ቆየ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ለአፍታ ነቅቶ ኢዮሌን አጠገቡ አያት፤ ለምን እንደመጣች፣ እንዴት እንዳወቀች አልጠየቃትም። “እዚያ ቦታ ደንብ አለ” አላት፣ በጣም ቀስ ብሎ። “ተጠያቂው የኋላው ሰው ነው። የፊተኛው ወደ ኋላ አያይም፣ አይፈረድበትም። ሎሪስም የኋላው ነበር፣ ኢዮሌ… ለልጅቱ ንገሪያት።” ማክሰኞ ጠዋት አረፈ።

እኔም ሆስፒታሉ ደርሼ ነበር፤ ሞሬና ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ስታለቅስ አላየኋትም፤ ደርቃለች። እናቷ ስትወጣ “ያው ነኝ፣ እማዬ” አለቻት። “ከኋላዬ የመጣ ሁሉ ይሞታል። ልክ ነበርሽ።” ልብ በሉ፣ ያቺ የቅዳሜዋ ስልክ ውሸት መሆኗን ከኢዮሌ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። ሞሬና እናቷ ታማ አባቷ እንደሄደ ብቻ ነው የምታውቀው። ዝም ብትል ኖሮ ዝም ብሎ ይቀር ነበር። የቀራት አንዲት ልጅ ይቺ ናት፤ እውነቱን ከተናገረች እሷንም ታጣለች። እኔ ብሆን ዝም እል ነበር፣ አልዋሽም።

ኢዮሌ ግን ሆስፒታሉ ከኔሪዮ ልብስ ጋር የሰጣትን ደብተር ከቦርሳዋ አወጣች። ሁለተኛውን ገጽ ገልጣ ለልጇ ሰጠቻት። “እሑድ፦ ጠዋት ብቻ። በደንብ ተኝቼ። ከሞሬና ኋላ ሦስት ዙር። ከምሳ በኋላ በጭራሽ አልወጣም፣ ክንድ ይዝላል። ከዚያ ኢዮሌን መጥራት፣ ሦስታችን ፒያዲና ቂጣ እንበላለን” ይላል።

“ደረቴን አልወጋኝም ነበር” አለች ኢዮሌ። “ሴት ይዟል ብዬ ነው። እንቅልፍ የነሣሁት፣ ጠዋቱን ያሳለፍኩበት እኔ ነኝ። አንቺ አይደለሽም። ያኔም አንቺ አልነበርሽም።”

ሞሬና ደብተሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ነርሶች በመካከላቸው እያለፉ ይመለሳሉ። ኢዮሌ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አንገቷን ደፍታ ፍርዷን ስትጠብቅ፣ እንዲያ ያለ ፍርድ እሷ ራሷ አንድ ቀን በሰው ፊት እንደሰጠች እያሰበች ነበር።

“ስድስት ዓመት ተሸክሜው ኖሬያለሁ” አለች ሞሬና በመጨረሻ። “ክብደቱን አውቀዋለሁ፣ እማዬ። አንቺ ላይ አልጭነውም።” ከዚያም እናቷን ከተቀመጠችበት አነሣቻት። ያን ጊዜ ነው ሁለቱም ያለቀሱት፣ ለኔሪዮም፣ ለሎሪስም አንድ ላይ።

ኔሪዮን ከልጁ ጎን ቀበርነው። ሞሬና ወደ ቶሪኖ አልተመለሰችም፤ ዘንድሮ ጃንጥላውን የምትተክለው እሷ ናት፣ ኢዮሌም አጠገቧ ተቀምጣ የተቀደደውን ትሰፋለች። ዕጣ ክፉ ነው እንላለን እኛ ሰዎች፣ ሁሉን በዕጣ እናሳብባለን። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ደብተሩን ማን ገለጠው? ገጹን ሳይጨርስ ማን መለሰው? እኔም ከዚያ ወዲህ ባሌ ፈገግ ሲል ካየሁ፣ ምን አገኘህ ብዬ ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ። ሲነግረኝም እስኪጨርስ ድረስ አዳምጠዋለሁ።