ሸሪፉን የዋጠው ፓራሹት

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዳር እስከ ዳር እውነት ነው፤ አባቴ ይሙት። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ቢሆንም መሐላ መሐላ ነው። በኮብ ሪጅ ከተማ ሌላ ዓይነት አድርጎ የሚያወራላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወይ ሰክሯል ወይ የሸሪፉ ዘመድ ነው።

ዴልመር ሃስኬት በገዛ ጋራዡ፣ በገዛ እጁ በሠራት የእሽቅድምድም መኪና ውስጥ፣ በቀበቶ እንደታሰረ ሞቶ ተገኘ። ወሩ የካቲት፣ ቀኑ አርብ ጧት ነበር። ያገኘው ሞተር ሠሪው ኦርቫል ተኬት ነው። በሩን ሲገፋው ውስጥ የታመቀው ጭስ ተቀበለውና በረዶው ላይ ተንበርክኮ ቁርሱን መለሰ። በላምባ የሚነደው ትልቁ ማሞቂያ ላምባውን ጨርሶ በርዷል። ዴልመር ግን ሄልሜቱን እንዳጠለቀ፣ አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። የሄልሜቱ መስታወት በጥቁር ናስትሮ ተለብጧል።

በናስትሮው የተደነቀ ሰው አልነበረም። የእኛ አገር ተወዳዳሪ በረዶው እስኪቀልጥ እንዲህ ነው የሚለማመደው። ዓይኑን ይሸፍናል፤ ሌላ ሰው በቀበቶ ያስረዋል፤ ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ያሰረው ሰው ደስ ባለው ሰዓት «እሳት» ብሎ ይጣራል። ያኔ በዳበሳ ነዳጁን ዘግቶ፣ ቀበቶውን ፈትቶ፣ ዘሎ መውጣት ነው። ቁም ነገሩ መቼ እንደሚጠራ አለማወቁ ላይ ነው። ሳይጠራ የወጣ ወንድ እስከሚቀጥለው ዓመት መሳቂያ ይሆናል። ዴልመር ደግሞ በዚህ የሚስተካከለው አልነበረም። አንዴ ያሰረው ሰው ረስቶት እራቱን በልቶ ሲመለስ፣ ዴልመር ንቅንቅ ሳይል ቆየው ይባላል።

ሸሪፍ ግሩብ ከሁለት ረዳቶቹ ጋር መጣ። ረዳቶቹ ሬሳውን ለማውጣት በብረቶቹ መሃል ሲታገሉ፣ ሸሪፉ ከመኪናዋ ጀርባ ቆሞ ትእዛዝ ይሰጥ ነበር። የአንዱ ረዳት ክርን ከመቀመጫው ጎን ያለችውን እጀታ መታት። በእሽቅድምድም መጨረሻ መኪናዋን ለማቆም ከኋላ የታጠፈው ፓራሹት እንደ እባብ ተፈትልኮ ወጣና ሸሪፉን ከነባርኔጣው ዋጠው። ሸሪፉ በጨርቁ ውስጥ እየተንፈራገጠ ዓይኔ ጠፋ እያለ ጮኸ። ረዳቶቹ፣ እግዜር ይቅር ይበላቸው፣ በሬሳ ፊት ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። ሸሪፉ ተፈልፍሎ ሲወጣ፣ ይህን ነገር ከዚህ ጋራዥ ያወጣ ሰው እስከ ጡረታው ድረስ ቆሻሻ መጣያ ሲጠብቅ ይኖራል ብሎ ማለ። ስለዚህ ወሬው አልወጣም። እኔ ከማን እንደሰማሁት አትጠይቁኝ።

ያልሳቀችው መርማሪዋ ቨርና ከስተርሰን ብቻ ነበረች። ቨርና ወደ ምርመራ ከመግባቷ በፊት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳ የነበረች፣ ግዙፍና ንግግሯ ዝግ ያለ ሴት ናት። ዞር ሳትል፣ ከፊቷ ባለው መስታወት ብቻ ከተማሪዎቹ ፖም የወረወረው ማን እንደሆነ ታውቅ ነበር። የከተማው ጎልማሳ ግማሹ ዛሬም ሲያያት እጁን ከኪሱ ያወጣል። እሷ ፓራሹቱን ትታ የወጣበትን ቦታ ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ ወለሉን፣ ጠረጴዛውን፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን ሳይቀር ፈተሸች። የምትፈልገውን አላገኘችም፤ ምን እንደምትፈልግም አልተናገረችም።

ሐኪሙ ዴልመር በጭስ ታፍኖ መሞቱን ነገራቸው። ነገር ግን የትከሻ ቀበቶዎቹ ሥጋው ላይ መስመር እስኪያወጡ ተስበዋል፤ ተቀምጦ የታሰረ ሰው እንዲያ አድርጎ ራሱን ሊያስር አይችልም። ማሞቂያው ሲነድ ሁልጊዜ ገርበብ የሚለው የጓሮ መስኮትም ተቀርቅሮ ነው የተገኘው።

ሸሪፉ ነገሩ ተጠናቀቀ አለ። ማታ ማታ ጋራዥ ውስጥ ዴልመርን የምታስረው ሚስቱ ላቮን ናት። ላቮን ደግሞ ያቺን መኪና እንደ ጣውንት እንደምትጠላት የማያውቅ የለም። የቤቱ ጣሪያ ሲያፈስ ገንዘቡ ለጎማ ሆነ፤ የእናቷ ፒያኖ ተሽጦ የማርሽ ሳጥን ሆነ። ምግብ ቤት ውስጥ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ወይ መኪናዋ ትቀብረኛለች፣ ወይ እኔ እቀብራታለሁ» ብላለች።

ቨርና ላቮንን ወጥ ቤቷ ውስጥ አነጋገረቻት። ላቮን ሰኞ ወደ ፍርድ ቤት እንደምትወሰድ ተነግሯታል። ጓሮው ውስጥ ያለውን ጋራዥ ለሚያሳየው መስኮት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ሐሙስ ማታ ተጣልተናል አለች። እሰሪኝ ሲላት እምቢ ብላ ፒካፑን አስነስታ ወጣች፤ የከተማውን ግድብ ስትዞር አምሽታ ገብታ ተኛች። ያያት ሰው የለም። ባሏ አልጋው ላይ አለመኖሩ አላስደነቃትም፤ በበረዶው ወራት ጋራዥ ውስጥ ማደሩ የተለመደ ነው።

«ጠላሽው?» አለች ቨርና።

«እሱንማ አልጠላሁትም። ቤቱ ውስጥ ከመኪናዋ ጋር ሦስት ሆነን ነበር የምንኖረው፤ እኔ ሦስተኛዋ ነበርኩ፣ ሌላ የለም።» ላቮን የጠረጴዛውን ጠርዝ በጥፍሯ ፋቀች። «ሐሙስ ጧት እኮ ሰላም ነበርን። ለፓራሹቱ ፒን አዲስ ጥብጣብ አሰርኩለት፤ የድሮው ተበጥሶ ነበር። ከገና ስጦታ የተረፈ ነው፤ ቀይ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት። ‘ሙሽራ አስመሰልሻት’ ብሎ ሳቀ። ሊያስረኝ የሚያስብ ሰው ይህንንም ይጻፍልኝ።»

ቨርና ኦርቫል ተኬት ዘንድ ስትሄድ ደግሞ ሰውየው ሳይጠየቅ ነው መልስ የጀመረው። ዴልመር ስንጥቅ ያለበት ሞተር ሸጠኸኛል ብሎ በአደባባይ አዋርዶታል፤ እሱም ከነቀበቶህ ትቀበራለህ ብሎታል። አሁን ግን ያንን የተናገረ አፉን በላምባ ቢያጥቡለት ደስ ባለው ነበር።

«ወይዘሮ ቨርና፣ አፌን ያውቁታል። በአውቶቡስዎ ስሄድም እንዲሁ ነበርኩ።»

«አንተ ፖም አትወረውርም ነበር፤ ታስወረውር ነበር እንጂ» አለችው። ከዚያ ስለ ፒኑ ጠየቀችው።

ኦርቫል ፓራሹቱ ተስፈንጥሮ እንዳይወጣ የሚያግደው እሱ እንደሆነ፣ መኪናዋ መነሻው መስመር ላይ እስክትቆም ድረስ በምንም ምክንያት እንደማይነቀል አስረዳት። ላቮን ነቅላው ታውቃለች ወይ ብትለው ሳቀ። ላቮን አንድም ቀን መኪናዋ ስትነሳ አይታ አታውቅም። ሁልጊዜ መኪናዋን ጎትታ ለመመለስ ከመንገዱ መጨረሻ ፒካፑ ውስጥ ሆና ሹራብ ትሠራለች። መነሻው ላይ ሞተሩን የሚያስነሳው ኦርቫል ነው፤ ዴልመርን የሚያስረው ታላቅ ወንድሙ ሜርል ነው።

ሜርል ሃስኬትን እርሻው ላይ አገኘችው። እርሻ ብዬ ጠራሁት እንጂ ከአባቱ ከወረሰው የቀረችው ከቤቱ ጀርባ ያለች አንድ ማሳ ናት። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ለቨርና ወንበር አውጥቶ በቱታው እጅጌ ጠረገላት። ሲራመድ የቱታው ኪስ በሮንዴላና በዳዶ ይንሿሿል። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ወደ ጋራዡ አልሄድኩም፤ ማታም ቤቴ ነበርኩ አለ። ጋራዥ ውስጥ ወንድሙን አስሮት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው።

«አላውቅም። የማታው ሥራ የላቮን ነው። እኔ ማታ ከብቶቼ ጋ ነኝ።»

ቨርና ዓይኗን ወደ በረቱ ላከች። በረቱ ባዶ ነበር። እሱም እንዳየች አየ።

ሰኞ ጧት ሸሪፉ ላቮንን በካቴና ይዟት ሊወጣ ሲል ቨርና አስቆመችው። በመጀመሪያ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰብስቡልኝ አለች። ሸሪፉ ያጉረመርም ጀመር።

«ሸሪፍ፣ ፓራሹቱን አጣጥፌ መልሼ ሌላ ፒን ሰክቼበታለሁ። ስለ እሱ ለማንም አላወራሁም» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። ሸሪፉ ካቴናውን ራሱ ፈታ።

ላቮን፣ ኦርቫልና ሜርል በተዘጋው ጋራዥ ውስጥ ቆሙ። ቨርና ናስትሮውን የላጠችለትን የሟቹን ሄልሜት ይዛ ወደ መኪናዋ ገባች፤ መግባት ከተባለ። አንድ እግሯ ገብቶ ሌላው ውጭ ቀረ፤ ሁለቱ ረዳቶች እንደ ጤፍ ከረጢት፣ ይቅርታ፣ እንደ በቆሎ ከረጢት ገፍተው አስገቧት። አገጯ ስር ያለውን ማሰሪያ ቆልፋ፣ «እያንዳንዳችሁ እንደለመዳችሁት እሰሩኝ» አለች።

መጀመሪያ ላቮን ቀረበች። ቀበቶዎቹን ቆለፈች፤ ትከሻው ላይ ግን አላጠበቀችም፤ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተወች። ከዚያ ቀጥታ ሄዳ የጓሮውን መስኮት ገርበብ አደረገችና ጥግ ያለው በርሜል ላይ ተቀመጠች። ቨርና አስፈታቻት።

ኦርቫል ቀበቶውን አጣሞ ቆለፈውና የቨርናን ጎን ቆነጠጠ። ገና ሳይጨርስ ዓይኑ ወደ ሞተሩ ሄደ፤ ሁለት ካንዴላ ነካ ነካ አድርጎ እዚያው ቀረ።

ሜርል ተራው ሲደርስ ሳይቸኩል መጣ። የወገቡን፣ ከዚያ የትከሻውን ቀበቶ ቨርና ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳበው። ሄልሜቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ዞሮ ከመኪናዋ ጀርባ ሄደ፤ ፒኑን ነቀለ፤ ወደፊት አምጥቶ አሳያት፤ ቱታው ኪስ ውስጥ ከተተውና ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም፤ እጁ የራሱን ሥራ ሠርቶ ጨረሰ።

«ሜርል» አለች ቨርና ከሄልሜቱ ውስጥ። «ፒኑን መልስልኝ።»

ሜርል እጁን ኪሱ ከተተ። ሮንዴላውን፣ ዳዶውን አመሰ። ሲያወጣ መዳፉ ላይ ሁለት ፒን ነበር። አንደኛው ጥብጣብ ልሙጥ ቀይ ነው። ሌላኛው ነጭ ነጠብጣብ አለበት።

ላቮን ከበርሜሉ ላይ ተነሳች።

ቨርና እንደታሰረች አንድ በአንድ አስረዳች። ዴልመር በሞተበት ጧት ፓራሹቱ ፒን አልነበረውም። እንዴት እንደታወቀ ሸሪፉ ያውቃል አለች፤ ሸሪፉ ጣሪያውን ተመለከተ። ጋራዥ ውስጥ ፒን የሚነቅል ሰው የለም፤ ስለዚህ የነቀለው አስቦ ሳይሆን ለምዶ ነው። ላቮን የምታውቀው የጋራዡን አስተሳሰር ነው፤ አላልታ ታስራለች፣ መስኮት ትከፍታለች፣ ፒን አትነካም። ኦርቫል ከሞተሩ አልፎ አይሄድም። ቀበቶ ጥፍር አድርጎ አስሮ ፒን የሚነቅል እጅ መነሻውን መስመር ብቻ የሚያውቅ እጅ ነው። ጥብጣቡ ደግሞ ሐሙስ ጧት የታሰረ አዲስ ጥብጣብ ነው፤ ሐሙስ ወደዚህ ጋራዥ አልመጣሁም ያለ ሰው ኪስ ውስጥ መግቢያ የለውም።

ሜርል ሁለቱን ፒኖች ለሸሪፉ አስረከበ። ብዙ አልተሟገተም። በሰጠው ቃል መሠረት፣ ሞተር በፈነዳ ቁጥር ዴልመር እየመጣ ያለቅስ ነበር፤ እሱም በለቅሶው እየተሸነፈ አንድ አንድ ማሳ ለሽያጭ ይፈርም ነበር። ሐሙስ ማታ የመጣው ከእንግዲህ በቃኝ ለማለት ነው። ዴልመር ግን አላስጨረሰውም፤ የመጨረሻዋን ማሳ ጠየቀው፤ ከዚያም ሚስቴ እምቢ ብላለችና አንተ እሰረኝ ብሎ ሄልሜቱን አጠለቀ።

«አሰርኩት» አለ ሜርል። «በሩ ጋ ደርሼ ‘እሳት’ ልል ስል አልወጣልኝ አለ። ትንሽ ይቆይ አልኩ። እስቲ ታስሮ መጠበቅ ምን እንደሆነ ይወቀው አልኩ። ከዚያ መስኮቱ ክፍት መሆኑን አየሁ። ዘጋሁት።» ድምፁ አልተለወጠም። «አንዴ እንኳ ሜርል አላለኝም። እስክጠራው ነበር የሚጠብቀው።»

«እኔን በካቴና ሲያስወጡኝስ?» አለች ላቮን።

ሜርል እጆቹን ለካቴናው ዘረጋ። ረዳቶቹ በሁለት ጎኑ ይዘውት ወጡ። ኦርቫል አፍ አጥቶ ተከተላቸው፤ ኮብ ሪጅ ውስጥ ኦርቫል ዝም ያለበት ቀን ያ ብቻ ነው። ቨርና እንደታሰረች ተረስታ ስለነበር ሸሪፉ ተመልሶ ፈታት፤ ለማውጣት ግን ሦስት ሰው ፈጀ።

ላቮን ወደ ቤቷ አልገባችም። ቨርና በመኪናዋ ወደ ምግብ ቤቱ ወሰደቻት። ላቮን የአሳማ ጥብስ ሳንድዊች አዘዘች፤ በሁለት እጇ ይዛ፣ ቀና ሳትል ጨረሰችውና ሁለተኛ አስመጣች። እሱንም በላች፤ ቤቱ ሙሉ ሰው እያያት።

እንግዲህ ምያለሁና አንድ ነገር ልናዘዝ። ሳንድዊቹን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ላቮን ምንም አልበላችም። አስተናጋጇን የጠየቀቻት የመንገዱን በር ክፍት እንድትተውላት ብቻ ነው። በረዶ ይጥል ነበር፤ ነፋሱ የወረቀት ፎጣዎቹን ከየጠረጴዛው እያነሳ ይበትን ነበር፤ በሩን የዘጋ ሰው ግን አልነበረም።