ክንድ የሚፈልግ ሰዓት

የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ የትኬት መስኮት ዝቅ ብሎ የተሠራ ስለነበር ጥሩወርቅ ሰውን የምታውቀው በፊቱ ሳይሆን በእጁ ነበር። ሂና የሞቁ እጆች፣ የሞተር ቅባት የማይለቃቸው እጆች፣ ብሩን ዘርግተው መልሰው የሚጨብጡ እጆች ቀኑን ሙሉ ሲመጡ ሲሄዱ ይውላሉ። እሷ ትኬቱን ትቆርጣለች፣ ቀኑን ትመታለች፣ «ቀጣይ!» ትላለች። በሦስት ዓመት ውስጥ ቀና ብላ የማንንም ፊት ለማየት እንኳ አልጓጓችም።

በ1975 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ግን አንድ ሰው በቀኙ ብር ዘርግቶ ግራውን መስኮቱ ላይ አስደገፈ። የግራ ክንዱ ላይ ያለው ሰዓት ዓይኗን ያዘው።

እውነቱን ለመናገር ሰዓቱ ውብ ነበር። ፊቱ ጥቁር ነው፤ ዙሪያውን ጥርስ ያለው የብረት ቀለበት ከቦታል። ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ ወፋፍራም ነጠብጣቦች አሉት፤ ቀለማቸውም ነጭ ሳይሆን የቆየ ቅቤ ይመስላል። ወርቅ የለበትም፣ ፈርጥ የለበትም። እንዲያው ኮስተር ብሎ ሥራውን የሚሠራ ሰዓት ነበር።

«ለአክስቴ አንድ ትኬት፣ እስከ አዋሽ» አለ ባለ ሰዓቱ።

ድሬ ውስጥ አንቱታ ለሽማግሌ ብቻ ነውና ጥሩወርቅ አላመነታችም። «ይኼን ከግድግዳ ላይ ነው የነቀልከው?»

«የጠላቂ ሰዓት ነው። ሁለት መቶ ሜትር ባሕር ውስጥ ቢወርድ ውሃ አይገባውም።»

«ኧረ አቦ! እዚህ ምን ውስጥ ልትጠልቅ ነው? ደቻቱ ወንዝ እንደሆነ እግር የሚያስታጥብ ውሃ እንኳ የለው!»

ሳቀ፤ ከዚያም ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ አያት። እሷን ለማየት ጎንበስ ያለ የመጀመሪያው መንገደኛ እሱ ነበር። ጥሩወርቅ ደንግጣ የትኬቱን ቀን ሁለት ጊዜ መታችው።

ስሙ ወልደጻድቅ ነው፤ የባቡሩ ጋራዥ መካኒክ። በማግስቱም መጣ፣ በሰልስቱም መጣ። የሚሸኛቸው አክስቶች ሲያልቁበት ያለ ምክንያት መምጣት ጀመረ።

በምሳ ሰዓት በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር አንድ ወረቀት ሳምቡሳ ይዘው ይቀመጣሉ። የእሷ እረፍት ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ነው። ወልደጻድቅ ገና እንደተቀመጠ የሰዓቱን ቀለበት ጠ ጠ ጠ እያሰኘ ያዞርና በላዩ ያለችውን ሦስት ማዕዘን ከደቂቃ ቆጣሪው ጋር ያጋጥማታል። ቆጣሪው ቀለበቱ ላይ ሠላሳ ሲደርስ፣ ወሬ መሐል ቢሆኑም ተነሥቶ ያደርሳታል። አንድም ቀን አርፍዳ ከአለቃዋ ጋር ተጨቃጭቃ አታውቅም።

«ጅቡቲ ለሥራ ሄጄ ነው የገዛሁት» አላት አንድ ቀን። «የቅርብ ሥሪት ነው፤ መልኩን ግን የዛሬ ሠላሳ ዓመት ጠላቂዎች ካሰሩት ነው የቀዱት። እይው እስቲ፣ ቸኩሎ የተሠራ ነገር አለው?»

ጥሩወርቅ ሰዓቱን አየች፤ ከሰዓቱ ይልቅ ግን ያየችው የያዘውን ክንድ ነበር። ይህን እሱ አላወቀም። ወንዶች እንዲህ ያለውን ነገር ዘግይተው ነው የሚያውቁት።

ዓመት ሞላቸው። በ1976 ዓ.ም. ጥቅምት አንድ ቀን ወልደጻድቅ ተቀመጠና ቀለበቱን ሳያዞር ቀረ።

«ዛሬ ምነው?»

«ዛሬ መቁጠር አልፈልግም» አለ። ቆየት ብሎ ጨመረ። «ተጠርቻለሁ፣ ጥሩዬ። ወደ ሰሜን ነው። ለመኪናና ለታንክ መካኒክ ይፈልጋሉ።»

ሳምቡሳው በእጃቸው ቀዘቀዘ። ወልደጻድቅ ሰዓቱን ፈታና መዳፏ ላይ አኖረው። ብረቱ ከገላው የወሰደው ሙቀት ገና አልበረደም ነበር።

«አደራ» አላት። «ስመለስ ከእጅሽ እቀበላለሁ።»

በዚያን ቀን ወደ መስኮቷ ስትመለስ ሃያ ደቂቃ አርፍዳ ነበር። አለቃዋ ፊቷን አይቶ ወደ ቢሮው ገባ።

የጥሩወርቅ እናት ወይዘሮ በለጠች ቀፊራ ገበያ በርበሬና ቅመም የሚሸጡ፣ አደራ የሚከብዳቸው ሴት ነበሩ። የሰው አደራ አይለበስም፣ አይበላም፣ አይነካም፤ የነካ «አደራ በላ» ነው። ልጅቷም በዚሁ አድጋለችና ሰዓቱን በነጠላ ጫፍ ጠቅልላ፣ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣ ቆለፈችበት።

በሦስተኛው ቀን ናፍቆት አላስቀምጥ ብሏት ከፈተች። ሰዓቱ ቆሟል። ጆሮዋ ላይ ብታደርገው ትንፍሽ አይልም። ሞቷል፣ አለ ልቧ፤ እሱ ሲሞት ነው ሰዓቱ የቆመው።

ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳትደርብ መጋላ ሰፈር ሮጠች። እዚያ ዓብዱልአዚዝ የሚባሉ አረጋዊ ሰዓት ሠሪ አሉ። ማጉያ መነጽራቸውን አንድ ዓይናቸው ላይ ሰክተው ሰዓቱን አዩት፣ እንባዋን አዩት፣ ከዚያ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ነቀነቅ አደረጉት። ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ አለ።

«ሞቶ አይደለም እንዴ፣ አባባ?»

«ርቦት ነው እንጂ የምን ሞት! የት ነበር ያስቀመጥሽው?»

«ሳጥን ውስጥ። የሰው አደራ ነው።»

ሽማግሌው ሳቅ አፈናቸው። «ወላሂ፣ በሳጥን ገደልሽው! ይኼ ባትሪ የለው፣ በየማለዳው ሙሉኝ አይልሽ። ውስጡ የሚወዛወዝ ብረት አለ፤ ክንድሽ ሲንቀሳቀስ እሱ ይበላል። ክንድ ነው የሚፈልገው። ልጄ፣ ካልያዙት የሚበላሽ አደራም አለ።» ከዚያም ጠፍሩ ለቀጭን ክንዷ እንዲሆን ሁለት አዲስ ቀዳዳ በሱለት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥሩወርቅ ሰዓቱን አስራው ትውል ጀመር። ትኬት በመታች ቁጥር ይጠግባል። ልብስ ስታጥብ አታወልቀውም፤ ሁለት መቶ ሜትር የሚችል ሰዓት ከሳሙና ውሃ ምን አለው! መብራት በሄደ ጊዜ ነጠብጣቦቹ አረንጓዴ ሆነው ሲያበሩ ታያለች። በሦስት ቀን አንድ ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከራድዮ ጋር ታስተካክለዋለች። አንድ ጊዜ ከበሩ ብረት ጋር ተጋጭቶ ቀለበቱ ተጫረ፤ ልቧ ደማ፤ በሳምንቱ ግን ጭረቱንም ወደደችው። በወሩ ያለ እሱ ክንዷ ራቁቱን የቀረ ይመስላት ጀመር።

ሰው ዝም አይልም። የጣቢያው ሴቶች «ጠላቂዋ» የሚል ስም አወጡላት። የወልደጻድቅ ደብዳቤ ለአንድ ዓመት መጣ፣ ከዚያ ቆመ። ሁለተኛው ዓመት ዝም ብሎ አለፈ።

በ1978 ዓ.ም. አንድ የመንግሥት እርሻ ኃላፊ ሽማግሌ ላከ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ከሽማግሎቹ ጋር ቀጭን ወርቃማ የሴት ሰዓት በሳጥን አድርጎ ልኳል። «ባትሪ ነው» አሉ ሽማግሎቹ በኩራት። «ብታስረውም ባታስረውም ይሄዳል።»

ጥሩወርቅ ይህችን ቃል ስትሰማ ልቧ እንቢ አለ። ብታስረውም ባታስረውም የሚሄድን ነገር ምን ታደርገዋለች?

እናቷ ግን በዚያን ምሽት እጇን ይዘው አለቀሱ። «የወንድ ሰዓት አስረሽ እስከ መቼ ነው? እኔ ካለፍኩ ማን አለሽ? እሑድ መልስ ሊሰሙ ይመጣሉ።»

«እሺ፣ እማ። እሑድ እመልሳለሁ» አለች። ምን ብላ እንደምትመልስ ግን አላወቀችም።

ዓርብ ዕለት አንድ የሂና እጅ መስኮቱ ላይ ዐረፈ። ይህን እጅ ታውቀዋለች፤ በየሳምንቱ ይመጣል፣ ትኬት ሳይገዛ ይሄዳል። ዛሬ ጥሩወርቅ ጣቶቹን ያዘቻቸው።

«እናቴ፣ ትኬት አትገዢ፣ አትጠይቂ። ምን ፈልገሽ ነው?»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አየቻት። ፋዱማ ትባላለች፤ ከዋሂል ገጠር ወተት ይዛ ቀፊራ የምትመጣ ናት። «አትቆጪ፣ አባዮ፣ እህቴ። ክንድሽን እዪ ተብዬ ነው።»

«ማን አለሽ?»

«መሠረተ ትምህርት የሚያስተምረን መምህር። ‹ልጅቷ ትልቁን ሰዓት አስራ እንደሆን እይልኝ› ይለኛል። ‹አስራለች› ስለው፣ ወላሂ፣ የዚያን ቀን ማንንም አይቆጣም። አንድ ቀን አንቺን አጥቼሽ ‹አላየሁም› አልኩት፤ ሳምንቱን ሙሉ ሀ ሁ ስንል ዋልን።»

ጥሩወርቅ ጣቶቹን ለቀቀቻቸው። «ለምን ራሱ አይመጣም?»

ፋዱማ ቀኝ መዳፏን ከግራ ክርኗ በታች አድርጋ በአየር ላይ ቁርጥ አደረገችው።

ቅዳሜ ጧት ጥሩወርቅ በጭነት መኪና ዋሂል ገባች። ከአንድ ግራር ሥር ሃያ የሚሆኑ ጎልማሶች ተቀምጠዋል። ወልደጻድቅ በቀኝ እጁ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ የሸሚዙ የግራ እጅጌ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ዞር ሲል አያት። ጠመኔው ከእጁ ወደቀ።

«ለምን መጣሽ?» አለ።

«አደራህን ልመልስ።»

ክንዷ ላይ ያለውን ሰዓት አየና ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ያስረው የነበረው ክንድ ሰሜን ቀርቷል፣ ጥሩዬ። አንቺው ያዥው።»

«ዓመት ሙሉ ሰው እየላክህ ታሰልለኛለህ፤ መምጣት ግን አቃተህ?»

«አዝነሽልኝ እንድታገቢኝ አልፈለግሁም።»

«ማዘኑንስ ድሮ ጨርሼዋለሁ። የመጣሁት ተናድጄ ነው!» አለች፤ እንባዋ ግን ይወርድ ነበር። «እኔ ሰዓትህን ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ጠበቅሁልህ ብዬ ነበር። በሦስት ቀኑ ቆመ። ጅል ነበርኩ፣ ሽማግሌ መከረኝ፣ ተማርኩ። አንተ ግን መምህር ሆነህ ራስህን እዚህ ቆልፈህ ተቀምጠሃል!»

ወልደጻድቅ የታጠፈ እጅጌውን አየ።

«በቀኝ እጅ ላይ ለማሰር ግራ እጅ ያስፈልጋል» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ የለኝም።»

«እና እነዚህን ሁለቱን ለምን ይዤ የምዞር ይመስልሃል?»

ሰዓቱን ፈታች። ክንዷ ላይ ፀሐይ ያልነካው ነጭ መስመር ቀርቷል። ቀኝ እጁን ይዛ ጠፍሩን አዞረችው። በቀድሞው ቀዳዳ ሰፋው፤ ከስቷል። ዓብዱልአዚዝ ለእሷ ከበሱት ቀዳዳዎች በመጀመሪያው ብታስረው ልክ ሆነ። ወልደጻድቅ አንገቱን ደፋ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እጁን ሳትለቅ ቆመች።

«ዛሬ ትምህርት የለም!» አለች ፋዱማ ከኋላ፤ ግራሩ ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ።

እሑድ ሽማግሎቹ መልሳቸውን ሰሙ፤ ወርቃማው ሰዓትም እንደመጣ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ እየሄደ ተመለሰ። ወይዘሮ በለጠች ሦስት ቀን አኮረፉ። በአራተኛው ቀን ወልደጻድቅ ሰላም ሊላቸው ሲመጣ እጅጌውን አይተው፣ ሰዓቱን አይተው፣ «ግባ ልጄ፣ ፀሐይ ላይ አትቁም» አሉት። በጥር ተጋቡ።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ወልደጻድቅ ቀኝ እጁን ይዘረጋል፤ ጥሩወርቅ ታስርለታለች። በሰላሙም ቀን፣ በተኮራረፉም ቀን። የተኮራረፉ ዕለት እሱ አፉን ዘግቶ እጁን ይዘረጋል፤ እሷም አፏን ዘግታ ጠፍሩን ትስባለች፤ ቀዳዳውን እስክታገኝ ጎንበስ ማለት አለባት፤ ጎንበስ ስትል ግንባሯ ደረቱን ይነካል። አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ አንድም ኩርፊያ ከዚያች ቀዳዳ አልፎላቸው አያውቅም።