አራት ሚሊሜትር

ለሰፊው የባሕር ዳር ሕዝብ፣ በጣና ዙሪያ ለሚገኙ ቀበሌዎች፣ እንዲሁም ጉዳዩ ለማይመለከታቸው ሁሉ፦ በሐምሌ ወር ፲፱፻፸፮ ዓ.ም. የመምህርት የብርጓል የግራ ዐይን ቆብ በአራት ሚሊሜትር ከፍ እንዲል ተደርጓል። ቀኙ ባለበት ይቀጥላል።

መግለጫው በሬዲዮ አልተነበበም። ቢነበብም አገር ሥራውን ይቀጥል ነበር፤ ሹም አቦ ሰፈር ከሚኖር አንድ ሰው በቀር።

ሰውዬው ሣህሉ ይባላል፤ ፎቶ አንሺ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ሲሆን ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል ብቻውን ይኖራል። በእርግጥ የከተማው ሰው ሁሉ ኔጋቲቭ ሆኖ፣ ገመድ ላይ ተሰቅሎ አብሮት ያድራል፤ ግን አንዳቸውም እንዴት አደርህ አይሉትም። ስሙ የተነሣው በሬቱሽ ነው። በሹል እርሳስ ኔጋቲቩን ነካ ነካ አድርጎ ማድያት ያጠፋል፣ ጠባሳ ይደፍናል፣ የስድሳ ዓመት ሴት ወደ አርባ ይመልሳል። ደንበኞቹ ፎቷቸውን እያደነቁ ይሄዳሉ፤ መንገድ ላይ ሲያገኙት ግን ፊታቸውን ያዞራሉ። ምን ያህል እንደደፈነላቸው ያውቃላ።

የብርጓል ከሐይቁ ማዶ፣ ከቁንዝላ በጀልባ መጣች። የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ናት። የግራ ዐይኗ ቆብ ከተወለደች ጀምሮ የብሌኑን ግማሽ ስለሚጋርድ፣ ሰው ለማየት አገጯን ቀና ታደርጋለች። ከወዳጅ አገር የመጣ አንድ ሐኪም እንዲህ ያለውን ቆብ በአዲስ ጥበብ ያነሣል ተብሏል። ሥራው ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ዐውደ ርእይ ይቀርባልና፣ ከቀዶ ጥገናው በፊትና በኋላ ፎቶ እንዲያነሣ ሣህሉ ታዟል።

«ያለ ሬቱሽ ነው አሉኝ» አለች፣ በርጩማው ላይ ተቀምጣ አገጯን ቀና አድርጋ።

«አዎ። ሐኪሙ የሚፈልግዎት እንዲሁ እንዳሉ ነው።»

«ተመስገን። እንዳለሁ የሚፈልገኝ አንድ ሰው ተገኘ።»

ሣህሉ ሣቀ። ሲሥቅ ካሜራውን ገፋውና ፎቶው ተበላሸ። በሳምንቱ፣ በሚቀጥለው ጀልባ ስትመጣ፣ ፊልም ማስገባት ረሳ። በሦስተኛው ሳምንት ሌላ የሚበላሽ ነገር ስላጣ አነሣት።

የዚያኑ ዕለት የሕክምና ተራዋ ደርሶ ነበር። ወደቡ ዳር ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ በስተግራ ጀልባው፣ በስተቀኝ ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደው መንገድ። «እርስዎ» መባባሉ በመካከል ወድቋል፤ ማን እንደጣለው አይታወቅም።

«ይሄ ዐይን ስንት ጉድ አምጥቶብኛል መሰለህ» አለች።

«ምን አደረገሽ?»

«ፊደል ሳስቆጥር፣ አንድ የሰባ ዓመት ተማሪዬ በዐይኗ ጠቀሰችኝ ብለው ሽማግሌ ላኩ።»

«አባትሽ ምን አሉ?»

«ስንት ጥማድ በሬ እንዳላቸው ጠየቁ።»

ሁለቱም ሣቁ።

«ግማሹ ሰው የጠቀስሁት ይመስለዋል፣ ግማሹ የናቅሁት» አለች ቀስ ብላ። «እኔን ያየኝ ግን የለም።» አገጯን ቀና አድርጋ ተመለከተችው። «ልሠራው ወይስ ልተወው?»

«ተይው» የምትለው ቃል ከአፉ ሳትወጣ ቀረች። ዐሥር ዓመት ሙሉ የሰውን ፊት ሲያርም የኖረ ሰው ለአንዷ ብቻ «ተይው» ቢል፣ ምቀኛ ነው የሚመስለው። ደግሞስ ዐይኑ የሷ አይደል?

«ሐኪሙ ያውቃል» አለ።

«አንተን ነው የጠየቅሁህ።»

«ሐኪሙ ያውቃል።»

አገጯ ዝቅ አለ። ተነሥታ ነጠላዋን አራገፈችና በስተቀኝ ሄደች። ጀልባው ያለ እሷ ወደቡን ለቀቀ። ሣህሉ ጀልባውንም እሷንም ሳይሸኝ እዚያው ድንጋይ ላይ ቀረ።

ፋሻው ተፈትቶላት ስትመጣ ሁለቱ ዐይኖቿ እኩል ተከፍተው ነበር። ሣህሉ ከካሜራው ጥቁር ጨርቅ ሥር ሆኖ አያት። ቆንጆ ናት፤ ሐኪሙ ሥራውን ያውቃል። ግን አገጯ ቀና አላለም። ከእንግዲህ ለማየት አያስፈልጋትም፤ እንደ ማንኛውም ሰው ወለሉን ታያለች።

«ጨረሱ?» አለችው። «እርስዎ» ተመልሷል።

«ጨረስሁ።»

በማግስቱ ረፋድ ዝናቡ ደንበኛ አስቀረበት። ኔጋቲቩን መስታወቱ ላይ አጋድሞ እርሳሱን ቀረጸ። የግራውን ቆብ አንድ ሚሊሜትር ዝቅ አደረገው። ሁለት። ሦስት። አራተኛው ላይ አገኛት። «ተይው» ማለት ያቃተው አፉ እንጂ እጁ አልነበረም። አትሞ፣ ፖስታ ውስጥ ከትቶ፣ ለዐውደ ርእዩ ኮሚቴ ላከው።

በሦስተኛው ቀን ተጠራ። ሰብሳቢው ጓድ ሀብተ ሥላሴ ሁለት ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል፤ በስሙ ምክንያት ከሌላው ጓድ ሁሉ እጥፍ ተራማጅ መሆን ያለበት ሰው ነው። አንደኛው ፎቶ ሥር «በፊት» ይላል፣ ሁለተኛው ሥር «በኋላ»። በሁለቱም ግራ ዐይኗ ግማሽ ክድን ነው። የብርጓል ራሷ በማስረጃነት ተጠርታ ጥግ ላይ ቆማለች።

«ጓድ ሣህሉ፣ የሕክምናው ድል የት ገባ?»

ሣህሉ ወደ ጥጉ አየ።

«እዚያ የቆመችው ተከፍቶላታል፤ እዚህ ያለችው ተከድኖባታል። ይሄ ስሕተት ነው ወይስ አሻጥር?»

«ስሕተት ነው» ቢል ሌላ አትሞ ያመጣል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። አሻጥር ከተባለ ፎቶ ቤቱ ይታሸጋል፤ ባለቤቱ የገባበትን ደግሞ ማንም ጮክ ብሎ አይጠይቅም።

«ስሕተት አይደለም» አለ ሣህሉ።

የብርጓል ወደ ጠረጴዛው ተጠግታ «በኋላ» የሚለውን ፎቶ አነሣች። እርሳሱ የሄደበትን በዐይኗ ተከተለች። ሽፋሽፍቶቿ አንድ በአንድ ተሥለዋል፤ የሌላ ሰው ፊት ላይ ሁሉን የሚያጠፋው እጅ፣ እዚህ ጠፍቶ የነበረውን በጥንቃቄ መልሶታል። ከዚያ፣ ሳያስፈልጋት፣ አገጯን ቀና አድርጋ አየችው።

«ለምን እንዲህ አደረግህ?» አለች።

አደረግህ። ሣህሉ «እርስዎ» ዳግም እንደወደቀ ሰማ።

«እሺ» አለ ጓድ ሀብተ ሥላሴ፣ ብዕሩን አንሥቶ። «ለኛ ባታስረዳ ለሷ አስረዳ። እኔ እጽፋለሁ።»

ሣህሉ ከሷ ዐይን ዐይኑን ሳይነቅል መለሰ።

«አላስረዳም። አይታዋለች።»