ሦስት ዳዶ

«አትተንፍሺ» አላት ወንድሟ።

አልተነፈሰችም። የፕላስቲክ ሞዴል አውሮፕላኑን የግራና የቀኝ ገላ አንድ ላይ ገጥማ በአሥሩም ጣቶቿ ጨብጣዋለች። ወንድሟ ስቴክኒ ሙጫ ውስጥ እየነከረ መጋጠሚያውን ከአፍንጫ እስከ ጭራ ይቀባል። ይህ ሙጫ ፕላስቲኩን ትንሽ አቅልጦ ነው የሚያያይዘው። አንዴ ከያዘ በኋላ መክፈት ማለት መስበር ነው። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

እሷ ብቻ የምታውቀው ሌላ ነገር አለ። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ውስጡ ባዶ ነው፤ ባዶ መሆን ግን አልነበረበትም። መግባት የነበረበት ነገር በሙሉ ኪሷ ውስጥ ነው፦ ከአባቷ የመፍቻ ሣጥን የወሰደቻቸው ሦስት ትንንሽ የብሎን ዳዶዎች።

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል። ወረንጦ ያልኩሽ በከንቱ ነው እንዴ? ወረንጦ አይንቀጠቀጥም።»

ወረንጦ ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ነው፤ ጣቶቿ ቀጫጭን ስለሆኑ፣ እግሮቿም ከጣቶቿ ብዙ ስለማይሻሉ። እሱ ራሱ ካፒቴን ይባላል። ይህን ስም ማን እንዳወጣለት ሲጠየቅ «ሰዎች» ይላል።

ካፒቴን አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሲያድግ ፓይለት ይሆናል። መሆን ይፈልጋል አይደለም፣ ይሆናል። በትምህርት ቤታቸው የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን አንደኛ ለሚወጣው ሥራ ሽልማቱ ደግሞ ለእሱ ተብሎ የተሰፋ ይመስል ነበር፤ ሠሪውና አንድ ረዳቱ የበረራ ማሠልጠኛ ገብተው መለማመጃው ኮክፒት ውስጥ ይቀመጣሉ። «ረዳቴ አንቺ ነሽ» አላት የመጀመሪያው ቀን፣ የአውሮፕላኑን ካርቶን ሲከፍት። ከዚያ በኋላ ማን ይቻላት! ክፍልፋዮቹን አንድ በአንድ ከማቀፊያቸው በምላጭ ቆረጠች። ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰች። ቀለም አልይዝ እንዳይል በሳሙና አጠበቻቸው። ከባቄላ የማይበልጠውን ፓይለት ስትቀባ ቅንድብ ሁሉ ሠርታለታለች። ካፒቴን አየውና «ቅንድብ ማን ጠየቀሽ?» አለ። ግን አላጠፋውም። እሷ ይህን እንደ ምስጋና ቆጠረችው።

መመሪያውን ማንም አላነበበውም። «መመሪያ የሚያነብ ፋራ ነው» ብሎ ካፒቴን ብሩሽ ጠረገበት።

ነገሩን ያገኘችው እሱ ኳስ ሊጫወት በወጣበት ከሰዓት ነው። የሚሠሩት አውሮፕላን አንድ ጎማ ከአፍንጫው ስር፣ ሁለት ደግሞ ከክንፎቹ ስር አለው። መልኩን ለማየት ቸኩላ ገላውንና ክንፎቹን በፕላስተር ለጊዜው ያዝ ያዝ አደረገቻቸው፤ የክንፎቹ ጎማዎች በሚገቡበት ቦታ ሁለት ጣቶቿን አስገብታም ጭራውን በሌላ እጇ ደግፋ አቆመችው። ጭራውን ስትለቀው አውሮፕላኑ ወደ ኋላው ወደቀ። ደገመችው። ወደቀ። ማስቲካዋን ከአፏ አውጥታ አንድ ዳዶ አፍንጫው ውስጥ ለጠፈች። ወደቀ። በሁለት ዳዶ ትንሽ አመነታና ወደቀ። በሦስት ዳዶ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ቀጥ አለ።

ብቻዋን ክፍሉ ውስጥ ዘለለች። ከዚያ ዳዶዎቹን አውጥታ ጠረገችና ኪሷ ከተተቻቸው። እንዴት እንደምትነግረው ሁሉ አሰበች። ራሱ ያገኘው እንዲመስለው አድርጋ ነው የምትነግረው፤ ካፒቴን ሌላ ሰው ያገኘው ነገር አይዋጥለትም።

ማታውን ሙጫቸው የደረቀላቸውን ክንፎች ይዛ ወደ ክፍሉ ስትሄድ ከበሩ ጀርባ የጮሌን ድምፅ ሰማች። ጮሌ የወንድሟ ጓደኛ ነው። ይህን አውሮፕላን በእጁ ነክቶት አያውቅም።

«የኤግዚቢሽኑ ካርድ ላይ ረዳት የሚለው ቦታ ያንተን ስም ጽፌዋለሁ» አለ ካፒቴን።

«አትቀልድ! እህትህስ?»

«ወረንጦ? ኮክፒት ውስጥ ብትቀመጥ በቀበቶው መሀል ሾልካ ነው የምትወድቀው።»

ሳቁ። ጮሌ እየሳቀ ሲንፈራፈር አልጋው ሲንቋቋ ይሰማል።

«ደግሞ እሷ» አለ ካፒቴን፣ «የሆነ ነገር ያዢ ካልካት ይበቃታል። ደስ ይላታል።»

ገባች። ክንፎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ደርቋል?» አላት።

«ደርቋል።»

ዳዶዎቹን ኪሷ ውስጥ ጨብጣ ወጣች።

እና አሁን ይዛዋለች። ሙጫው ጣቷ ላይ እየቀዘቀዘ ነው።

«በቃ፣ ልቀቂ።»

አልለቀቀችም። ገና ለስላሳ ነው፤ አሁን ከተናገረች አሁንም ይከፈታል።

«አፍንጫው…» አለች።

«አንቺ አፍንጫሽን ጥረጊ፣ የሱን ለኔ ተይው» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ።

ለቀቀችው።

ከዚያ ቀለም ሆነ። ግራጫው ላይ ግራጫ፣ ሆዱ ነጣ ያለ፣ ጭራው ላይ አንድ ቀይ መስመር። ቤቱ በቀለም ማቅጠኛ ሽታ ታፈነ። እናታቸው መስኮቱን እየበረገደች «ጋራዥ ነው ወይስ ቤት? ንገሩኝና ልውጣላችሁ!» ትላለች። ካፒቴን አውሮፕላኑን ስኒ ላይ ደፍቶ ይቀባል፣ ጋዜጣ ላይ ያጋድማል እንጂ በእግሩ ሊያቆመው አይችልም፤ ጎማ የለውም። ጎማ መጨረሻ ላይ ነው የሚለጠፈው፤ ቀድሞ ከተለጠፈ ይሰበራል። ወረንጦ በየጠዋቱ ዳዶዎቹን ከትናንቱ ልብሷ ኪስ አውጥታ ወደ ዛሬው ታዛውራለች።

በኤግዚቢሽኑ ዋዜማ ጎማዎቹን ለጠፈና የጫማ ካርቶን ውስጥ ጥጥ አንጥፎ በጀርባው አስተኛው።

አዳራሹ በልጆች ተሞልቷል። የካፒቴን ጠረጴዛ በሩ ፊት ለፊት ነው። ጮሌ ሸሚዙን አስተኩሶ ከጎኑ ቆሟል፤ ሰው በቀረበ ቁጥር «ሙጫው ነው ያስቸገረን» ይላል። ወረንጦ ከኋላ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ ቆመች።

«ሊያርፍ ነው፣ ዞር በሉ!» አለ ካፒቴን።

በሁለት እጁ ከፍ አደረገው። በአፉ የሞተር ድምፅ እያሰማ ቀስ ብሎ አወረደው። ሦስቱም ጎማዎች ጠረጴዛውን ነኩ። ለቀቀው።

ለአንድ አፍታ ቆመ። ከዚያ አፍንጫው ቀስ እያለ ተነሳ፤ ጭራው ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ለረጅም ጊዜ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው እንደሚያደርገው ቁጢጥ አለ።

ካፒቴን አፍንጫውን በጣቱ ተጭኖ መለሰው። ለቀቀው። ቁጢጥ። መለሰው። ቁጢጥ።

«ሽንት ቤት በዚህ በኩል ነው በሉት!» አለ አንድ ልጅ ከኋላ።

አዳራሹ ፈነዳ። ስሙን ያወጣው ግን ሌላ ሰው አልነበረም፤ ጮሌ ነው። ሳቁን መዋጥ አቅቶት ጉንጩ ተነፍቶ ነበር፤ በመጨረሻ አመለጠው፦ «ካፒቴን ቁጢጥ!»

ስሙ ከአፍ አፍ እየዘለለ በሩ ላይ ደረሰ። ጮሌ እስክሪብቶ አውጥቶ ካርዱ ላይ ያለውን የራሱን ስም ሰረዘ። «እኔ እንኳ ብዙም አልነካሁትም» አለ፤ ይህ በዚያ ቀን የተናገረው ብቸኛ እውነት ነበር።

የእጅ ሥራ አስተማሪዋ በልጆቹ መሀል መጡ። «ምንድነው ይሄ? ዳኞቹ ከዕረፍት በኋላ ይገባሉ። ወይ አስተካክለው፣ ወይ ከጠረጴዛው ላይ አንሳው።»

«ጎማውን የለጠፈችው እህቴ ናት፣ ቲቸር» አለ ካፒቴን።

ያ ሁሉ ዓይን ወደ ግድግዳው ዞረ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ያዢ ያለኝን ነው የያዝኩት፣ ቲቸር» አለች ወረንጦ።

ይህን ቀን ስንት ጊዜ በሐሳቧ አይታዋለች። በሐሳቧ ጣፋጭ ነበር። በእውንም መጀመሪያ ላይ ጣፋጭ ነበር፣ መዋሸት አያስፈልግም። የመጀመሪያው ሳቅ ጣፈጣት። ሁለተኛውም ጣፈጣት። በሦስተኛው ላይ የወንድሟ ጆሮ እስከ ጫፉ ሲቀላ አየች፤ የራሷም ጆሮ ስታፍር እንዲሁ ነው የሚቀላው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሳቅ ጣዕሙን አታስታውሰውም።

የዕረፍት ደወል ተደወለ። አዳራሹ ባዶ ሆነ። ከጠረጴዛዎቹ ጋር ካፒቴን ብቻ ቀረ። አንድ ጣቱን የአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ በሩቅ ለሚያየው አውሮፕላኑ በደንብ የቆመ ይመስላል። ጣቱን ካነሳ ይወድቃል፤ ስለዚህ የትም መሄድ አይችልም። ጮሌ ሜዳው ላይ ቁጢጥ እያለ ለሌሎች ሲያሳይ በመስኮቱ ይታያል።

ወረንጦ ከግድግዳው ተላቃ ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

«ምን ፈለግሽ? ሂጂ ሳቂ።»

«ስቄያለሁ።»

ዳዶዎቹን ከኪሷ አውጥታ ካርዱ ላይ ደረደረቻቸው።

ካፒቴን አያቸው። ፋራ አይደለም፤ ወዲያው ገባው። ነጻ በሆነው እጁ አንዱን አንስቶ መዘነው፤ ከዚያ አውሮፕላኑን ገልብጦ የፊተኛው ጎማ እግር የሚወጣበትን ጉድጓድ ተመለከተ።

«ከየት አመጣሻቸው?»

መልሱ ቀላል ነበር። አሁን ከትምህርት ቤቱ ዎርክሾፕ ለምኜ አመጣሁልህ ብትለው ያምናታል። እድሜ ልኩን ባለውለታዋ ይሆናል። ማንም አያውቅም።

«ገላውን ይዤልህ እያለሁ ኪሴ ውስጥ ነበሩ» አለች።

«መቼ?»

«ሙጫውን ስትቀባ።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ፊቱ ላይ ብዙ ነገር ተፈራረቀ። የሚመታት መሰላት፤ ግን አልሸሸችም።

«አንቺ ሰው አይደለሽም» አለ በመጨረሻ።

«ወረንጦ ነኝ።»

ከቦርሳዋ ቶሎ የሚይዝ ሱፐር ግሉ ሙጫ አወጣች። ዳዶዎቹን ጉድጓዱ ላይ ለካች። ሁለቱ ይገባሉ፤ ሦስተኛው ግማሹ ውጭ ይቀራል።

«ይታያል» አለ።

«ይታይ።»

በመተላለፊያው የሰዎች ኮቴ ይሰማል። ካፒቴን ካርዱን ወደ ራሱ ጎተተ፤ ከተሰረዘው ስም አጠገብ ባዶ ቦታ አለ።

«ስምሽን ልጻፈው?»

ቅንድብ የሠራችለት ፓይለት በአውሮፕላኑ መስኮት ውስጥ ተዘቅዝቆ ያያታል።

«አትጻፈው» አለች። የሙጫውን ክዳን በጥርሷ ከፈተች። «ይልቅ ያዝ።»

ያዘ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አትተንፍስ» አለችው።