በኳርትዝ ውስጥ የቀረ ውሃ

አሰገደች እንደ ወትሮው የቤተ ሙከራውን መጋረጃ ዘጋች። ከወረቀት የሳሳውን የግራናይት ቁራጭ በማሞቂያው ላይ አስቀመጠች፤ ማራገቢያው ማንሾካሾክ ሲጀምር፣ የተቃጠለ ሙጫ ሽታም ጨለማውን ሲሞላው፣ ወደ ማይክሮስኮፑ ጎንበስ አለች።

ግራናይት ሲፈጠር በውስጡ ያለው ኳርትዝ ከመሃል ወደ ጠርዝ እያደገ፣ በየደረጃው የውሃ ጠብታ ይዘጋበታል። በጠብታው ውስጥ ትንሽ አረፋ ይኖራል። ቁራጩ ሲሞቅ አረፋው የሚጠፋበት ዲግሪ፣ ውሃው በተዘጋበት ዘመን ድንጋዩ ምን ያህል ይግል እንደነበር ይናገራል። ብዙ ጊዜ ሦስት መቶ ገደማ ነው።

ቁራጩን ከመስክ በሾፌር የላኩት ዶክተር ኃይለመለኮት ናቸው። ተማሪያቸው የሆነችው ልጇ ሕሊናም አብራቸው ሄዳለች። የሄዱ ዕለት አሰገደች የመኪናውን መስኮት ይዛ፣ "ዶክተር፣ አደራዎን፤ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት" ብላቸው ነበር።

"አይዞሽ፤ ለኔም ልጄ ናት" አሏት።

መሃል ላይ ያለው አረፋ በሠላሳ ሰባት ዲግሪ ጠፋ።

መሣሪያው ተበላሽቶ እንደሆነ ብላ ሙቀቱ በሚታወቅ ሌላ ድንጋይ ሞከረችው፤ ደህና ነው። አስቀድማ ቁራጩን አቀዝቅዛ የለካችው የጠብታው ውሃ ጨው የእንባ ያህል ነበር፤ ያኔ ምንም አልመሰላትም። ለዶክተሩ ደወለች።

"ሠላሳ ሰባት? ጥሩ። ስልኩን ሳትዘጊ ወደ ጠርዙ ቀጥይ።"

ድምፃቸው ውስጥ መደነቅ አልነበረም። ቀጥሎ ያለው አረፋ፣ ትንፋሽ እንዳጠረው ደረት ተርገብግቦ፣ በሠላሳ ዘጠኝ ጠፋ። ከእሱ ወዲያ ያለው በሠላሳ አራት። በስልኩ ውስጥ እስክሪብቶ ወረቀት ሲጭር ይሰማታል። ጠርዙ ላይ፣ ሃያ አንድ።

"ከዚያ በኋላስ?"

"ምንም የለም። እዚያ ያበቃል።"

ዶክተሩ በረጅሙ ተነፈሱ። "የባለፈው ተማሪም እዚያው ላይ ነበር ያበቃው።"

አሰገደች ከወንበሯ ተነሣች። "ዶክተር፣ ልጄን ያገናኙኝ!"

ትንሽ ኮሽታ ተሰማ፤ ከዚያ የሕሊና ድምፅ መጣ።

"እማዬ፣ ደግሞ መጨነቅ ጀመርሽ? ትንሽ አተኮሰኝ እንጂ ደህና ነኝ። ዶክተር አሁን ለኩኝ።"

"ስንት ሆነ?"

"ሠላሳ ዘጠኝ። አይገርምሽም፣ ቁጥሩን ሳይለኩኝ ነው የጻፉት" አለች ልጅቷ እየሳቀች፤ "ከሥሩ ደግሞ ሠላሳ አራት ብለው፣ ሰዓቱን ባዶ ትተውታል።"