የሦስት ወሯ ነርስ

ሟቿ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ እንደተኛች፣ ጉንጮቿ እንደ ጤነኛ ሰው ቀልተው ነበር የተገኘችው። ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያው ሳትገባ ስለቀረች ኃላፊው ሰው ላከባት። አከራይዋ አሮጊትም ልጇ ቤት አድራ መመለሷ ነበርና በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ክፍሉ መሃል የከሰል ማንደጃ ተቀምጧል፤ እሳቱ ከስሟል። ማንደጃውን አውጥታ፣ መስኮቱን በርግዳ ጮኸች።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሱ ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት።

«የከሰል ጭስ ነው፤» አላት። «የትልቅ ከተማ ልጅ ናት፣ የኛን ብርድ አታውቀውም። ዘጋግታ ከሰል አቅፋ ተኛች። እንግዳ ሰው አንዳንዴ እንዲህ ይሄድብናል።»

መርማሪዋም እንግዳ ነበረች። የከተማው መርማሪ እግሩ ተሰብሮ ስለተኛ፣ በእሱ ቦታ ለሁለት ወር ተልካ ከመጣች ገና ዘጠነኛ ቀኗ ነው። በሃያ ዓመት ሥራዋ በሰው ወንበር መቀመጥን ለምዳዋለች። ትንሽ ከተማ ውስጥ ለጊዜው የሚሠራ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ታውቃለች። ስሙን የሚጠይቀው የለም፤ በሚቆይበት ጊዜ ልክ ስም ያወጡለታል። ምን እንደገዛ ቤቱ ሳይደርስ ጎረቤት ይሰማል። ሁሉም ፈገግ ይልለታል፤ የልቡን የሚነግረው ግን የለም። ሟቿንም ሰዉ «የሦስት ወሯ» ይላት ነበር። በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለችውን ነርስ ተክታ ነው የመጣችው፤ ልትጨርስ ሁለት ሳምንት ቀርቷት ነበር።

«ሬሳውን የነካ አለ?» አለች መርማሪዋ።

«ማንም። እርስዎ እስኪመጡ ጠብቀናል።»

ጎንበስ ብላ አየች። ብርድ ልብሱ ግራና ቀኙን እስከ ትከሻዋ ድረስ ፍራሹ ሥር ተወትፏል፤ ሁለቱም እጆቿ ከውስጥ ናቸው። በግርጌ በኩል ማዕዘኖቹ እንደ ፖስታ ጫፍ በሰያፍ ታጥፈዋል። ቀና ስትል፣ ሟቿ ወንበር ላይ ካልቆመች በማትደርስበት መደርደሪያ ላይ ወደ አፍ የሚረጨውን የአስም መድኃኒት አየችው።

አከራይዋ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች።

«እማማ፣ ማንደጃው የማን ነው?»

«የኔው ነው ልጄ፤ ማድ ቤት ነበር የተውኩት። እሷማ እሳት ሳነድ አጠገቤም አትደርስ! ‹እማማ፣ ጭስ ጠላቴ ነው› ትለኛለች። ያ መስኮት አልገጥም ብሎ ላሠራልሽ ብላት፣ ‹ይተዉት፣ በእሱ ነው የምተነፍሰው› አለችኝ።»

«ክፍተቱ ውስጥ ጨርቅ ነበረበት?»

«ስከፍተው ዱብ አለ። እኔ አልወተፍኩትም።»

«ትናንት ወደ ማታ ማን መጣባት?»

«እኔ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ልጄ ቤት ነበርኩ። መሄዴን ግን ያላወቀ ጎረቤት የለም። እዚህ ሰፈር ሳል እንኳ አይደበቅም።»

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነጭ ጋውን ለብሷል እንጂ ሐኪም አይደለም፤ ከአስተዳደር የመጣ ሰው ነው። ቢሮው ውስጥ እስክሪብቶውን እየከፈተና እየዘጋ አናገራት።

«ጎበዝ ነበረች። ብቻ መጠየቅ ታበዛለች። ባለፈው ሳምንት የተከተበ ልጅ ኩፍኝ ይዞት መጣ። ከዚያ ወዲህ ከክትባት ክፍሉ አልወጣ አለች። ኩፍኝ በዚህ ዓመት ሰባት ሕፃን ወስዶብናል። የአምላክ ሥራ ነው፤ ምን ይደረጋል?»

«ለእርስዎ የነገረችዎት ነገር አለ?»

«‹ለበላይ የምጽፈው ነገር አለ። ግን ባለቦታዋን ሳልጠይቅ ስሟን ማንሳት ነውር ነው› አለችኝ።»

«ምን እንደሆነ አልጠየቋትም?»

«ሁለት ሳምንት ከቀራት ሰው ጋር ምን ጭቅጭቅ ያስገባኛል?»

ባለቦታዋ የሚሏት በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለችውን ነርስ ነው። ከአከራይዋ ግቢ ሁለት ቤት አለፍ ብላ ትኖራለች። የአሥር ሳምንት ልጇን ታቅፋ መርማሪዋን ተቀበለቻት፤ ዓይኖቿ አብጠዋል።

«እንደ እህቴ ነበረች፣ እትዬ። ለልጄ ሹራብ ሠርታልኛለች።»

«ትናንት አይተሻታል?»

«አላየኋትም። ይሄው ልጅ ሲያለቅስ ዋለ፤ ሲያለቅስ አመሸ።»

«ስለ ሥራ የጠየቀችሽ ነገር የለም?»

«ምንም።»

ይህን እያለች ሕፃኑን አልጋው ላይ አስተኛችው። ዓይኗ መርማሪዋ ላይ ነው፤ እጇ ግን በራሱ ጊዜ ይሠራል። ግራና ቀኙን ወተፈችለት፤ በግርጌ በኩል ማዕዘኑን ብድግ አድርጋ በሰያፍ አጠፈችው። መርማሪዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። የሕፃኑ የክትባት ካርድ በሚስማር ተንጠልጥሏል። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ዓይን አይንካው፤» ብላ ወጣች።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ክትባት ክፍሉ ሄደች። ማቀዝቀዣው ያንጎራጉራል፤ በሩ ሲከፈት መብራቱም ይበራል። በሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ጠዋትና ማታ የተጻፈው የቅዝቃዜ ልክ ሁሉ «አራት፣ አራት፣ አራት» ነው፤ በየወሩ መጨረሻ የኃላፊው ፊርማ አለበት። ቴርሞሜትሩን ከውስጥ አውጥታ በመዳፏ ጨበጠችው። አሥር ደቂቃ ያህል ቆማ ጠበቀች።

በማግስቱ የክትባት ቀን ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ውጭ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። መርማሪዋ አከራይዋን፣ ኃላፊውንና ባለቦታዋን ክትባት ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበችና ፖሊሱን በሩ ላይ አቆመችው።

«ሞታ የተገኘችው አስም ያለባት ሴት ናት፤» ብላ ጀመረች። «በማይገጥም መስኮት እየተነፈሰች የምትኖር ሰው ከሰል አቀጣጥላ፣ መስኮቱን ወትፋ አትተኛም። መድኃኒቷንም እጇ ከማይደርስበት አትሰቅልም። ማንደጃውን ያስገባው ሌላ ሰው ነው።»

«ማን?» አለች አከራይዋ።

«አልጋው ነገረኝ። ከብርድ ልብስ ውስጥ የተኛ ሰው ሁለቱንም ጎኑን እስከ ትከሻው ወትፎ እጁን ወደ ውስጥ መመለስ አይችልም። ሌላ ሰው ነው የሸፈናት። እሷም አልነቃችም፤ እንቅልፍ ወስዷት ሳይሆን አንድ ነገር ጠጥታ ነው። ምን እንደሆነ ለምርመራ ወደ ትልቁ ከተማ የተላከው አስከሬን ይነግረናል። ማዕዘኖቹ ደግሞ ነርሶች ሲሠለጥኑ በሚማሩት አስተጣጠፍ ነው የታጠፉት። በዚህ ከተማ እንዲያ የሚያጥፉ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንዷ ሞታለች።»

ባለቦታዋ ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። «ለምን ብዬ እትዬ? ምን አድርጋኝ?»

መርማሪዋ ቴርሞሜትሩን ለኃላፊው ሰጠችው። «ይጨብጡት። ስንት ይላል?»

«አራት።» ጥቂት ቆየ። «አሁንም… አራት።»

«ተበላሽቷል፤ ምድጃ ውስጥ ቢከቱትም አራት ነው የሚለው። ማቀዝቀዣው ይጮኻል እንጂ አያቀዘቅዝም። ከተማው ብርዳም ስለሆነ ብልቃጡ ሲነካ ቀዝቃዛ ይመስላል፤ ውስጡ ያለው ክትባት ግን ሞቷል። ሟቿ ራሷ ሁለት ወር ሙሉ አራት እያለች ጻፈች፤ የተከተበው ልጅ ሲታመም ነው የባነነችው። ከእሷ በፊት ግን የምታውቅ ሰው ነበረች።» ወደ ባለቦታዋ ዞረች። «አንቺ የዚህ ጣቢያ ነርስ ነሽ፤ ቤትሽ አጠገብ ነው። ታዲያ ገና ስድስት ሳምንት የሆነውን አራስ ልጅ ይዘሽ ግማሽ ቀን በመኪና ተጉዘሽ፣ ሌላ ከተማ ያስከተብሽው ለምንድን ነው? ማኅተሙ ካርዱ ላይ አለ።»

ከውጭ አንድ ልጅ ሲስቅ ይሰማል።

«መብራቱ በኃይል መጥቶ ነው ማቀዝቀዣውን ያቃጠለው፤» አለች ባለቦታዋ። «ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ልጆች መሞት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ልናገር? የወጋኋቸው በዚህ እጄ ነው። እሷ መጥታ፣ ‹አብረን እንጻፈው፣ እኔም ሁለት ወር ተሳስቻለሁ› አለችኝ። እሺ አልኳት። ማታ ሻይ ይዤላት ሄድኩ።»

«ልትገድያት ሄደሽ ለምን ሸፈንሻት?» አለች አሮጊቷ።

«እግሯ ወጥቶ ነበር፣ እማማ። በርዷት ነበር።»

አከራይዋ ተነስታ ሕፃኑን ከእጇ ተቀበለቻት፤ ፖሊሱ በጓሮ በር ይዟት ወጣ።

ኃላፊው ወንበሩ ላይ ተልፈስፍሶ ቀረ። «እናቶቹ ውጭ ናቸው፤ ምን ልበላቸው?»

«በየወሩ የፈረሙበትን ነገር ይንገሯቸው። እኔ እንግዳ ነኝ፤ ከእርስዎ ይስሙት።»

ጋውኑን አውልቆ ወጣ። መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ አዳመጠች። ድምፁ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ ግን ጨረሰው። ከዚያ ከአግዳሚው ጫፍ አንዲት ሴት ብድግ አለች፤ ያቀፈችው ትንሹን ልጇን ነው፤ ታላቋን ኩፍኝ ወስዶባታል።

«ከክትባት ቀጠሮዋ ሦስት ቀን አሳልፌ ነበር ያመጣኋት፤» አለች፣ ማንንም ሳታይ። «በኔ ጥፋት መስሎኝ… አባቷም ‹አንቺ ነሽ የገደልሻት› ብሎኝ ነው የሄደው።»