ጀይላን የጠየቃቸው ሰዎች

ዓርብ ጠዋት ከብት ሊያጠጡ የወረዱ ገበሬዎች የጀይላንን አስከሬን ቦርከና ዳር አገኙት። በግንባሩ ተደፍቶ፣ ፊቱ ውሃ ውስጥ ነበር። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች «ሲሻገር አድጦት ነው» ብለው ሊያነሱት ሲሉ፣ ለምርጫው ጥበቃ ከደሴ የመጣው መቶ አለቃ ምንዳዬ አስቆማቸው። ጎንበስ ብሎ የሟቹን እግር አየ።

«ይህ ልጅ የት ነው ያደገው?» ሲል ጠየቀ።

«እዚሁ ጨፋ ነው፣ ጌታዬ» አለ አንዱ ገበሬ።

«የጨፋ ሰው ቦርከናን ከነጫማው ይሻገራል?»

«ወላሂ አይሻገርም! አውልቆ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል እንጂ።»

የጀይላን ጫማ ከእግሩ አልወለቀም፤ ክሩም እንደታሰረ ነው። ከማጅራቱ በላይ ራሱ ተፈንክቷል። በአካባቢው ግን ጭቃ እንጂ ድንጋይ አልነበረም።

ወሩ ሰኔ፣ ዘመኑ ፲፱፻፶፯ ነበር። ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚደረገው ምርጫ ደርሷል። ተፎካካሪዎቹ የጨፋን ሰፊ መሬት የያዙት ፊታውራሪ ሣህሌና የሰንበቴው የከብት ነጋዴ ሐጂ ሙሳ ነበሩ። ማን እንደሚያሸንፍ የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ፊታውራሪ ደሴ ተምሮ የተመለሰውን ጀይላንን ቀጠሩት። ሥራው ሕዝቡ ወደ ማን እንዳዘነበለ አስቀድሞ ጠይቆ መንገር ነበር። ጀይላን በየገበያውና በየእርሻው እየዞረ ሰውን ለብቻው ገለል አድርጎ በአማርኛም በኦሮምኛም ይጠይቃል። «ማንን ትመርጣለህ? ስምህ እኔው ዘንድ ይቀራል» ይላል። ስም አይጽፍም። ለፊታውራሪ የሚነግራቸው የትኛው አገር ለማን እንዳደላ ብቻ ነበር።

ምንዳዬ በመጀመሪያ የሄደው ወደ ሟቹ እናት ወደ ኡሚ ነው።

«ሐሙስ ቀን ከሚሴ ሲጠይቅ ውሎ መጣ» አሉ ኡሚ። «‹እማ፣ ጉድ እኮ ነው፤ ከሚሴ እንኳ ለሐጂ አደላች› አለኝ።»

«ይህንን ለሌላ ሰው ነግሮ ነበር?»

«ከገበያ በቀጥታ ወደ እኔ ነው የመጣ። ገና አረፍ ሳይል ከመንገድ ጠሩት። ማን እንደጠራው አላየሁም። ‹መጣሁ› ብሎኝ ወጣ። ኢልማ ኮ... ልጄ በዚያው ቀረ።»

ሐጂ ሙሳን ሱቃቸው አገኛቸው።

«እኔ በልጁ ምን ቂም አለኝ?» አሉ ሐጂ። «ሰንበቴ የእኔ ናት፤ ጨፋ ገና አልለየላትም። ከሚሴን ግን ለፊታውራሪ ትቼላቸዋለሁ። ባለሥልጣኑም ነጋዴውም የእሳቸው ወዳጅ ነው።»

የፊታውራሪ ሾፌርና የምርጫ ወኪል ገብረሥላሴም እንደዚያው ያስብ ነበር። «ከሚሴ ያለጥርጥር የእኛ ናት» አለ።

«ሐሙስ የት ነበራችሁ?»

«ከረቡዕ እስከ ዓርብ ከፊታውራሪ ጋር ኮምቦልቻ» አለ ገብረሥላሴ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ፊታውራሪ ሣህሌ ገና ሲጠየቁ ተቆጡ።

«እኔ? ሰው ያስባል እንጂ! ከሚሴ እንኳ ፊቷን ባዞረችብኝ ጊዜ፣ የት እንደምሸነፍ የሚነግረኝን ሰው ልግደል?»

«እውነትዎን ነው፣ ፊታውራሪ» ብሎ ምንዳዬ እጅ ነስቶ ወጣ።

በማግስቱ ሁሉንም በወረዳው ገዥ ቢሮ ሰበሰባቸው። ገዥው ከጠረጴዛው ጀርባ፣ ሁለቱ ዕጩዎች ፊት ለፊት፣ ኡሚና ገብረሥላሴ በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

«ጀይላን አልሰመጠም» ብሎ ጀመረ ምንዳዬ። «የጨፋ ልጅ ጫማውን ሳያወልቅ ወንዝ አይገባም። ራሱን የመታው የሰው እጅ ነው። የመታውም ጀይላን የሚያውቀው ሰው ነው፤ ሲጠራው ሳያመነታ ወጥቷልና። አሁን አንድ ነገር አስተውሉ። ሐጂም ገብረሥላሴም ከሚሴ ለፊታውራሪ እንደምታደላ ያምኑ ነበር። ከሚሴ ፊቷን ማዞሯን ጀይላን ያወቀው ሐሙስ ነው። የነገረውም ለእናቱ ነው። እናቱ እስከ ትናንት ከለቅሶ ቤት አልወጡም፣ ከእኔም በቀር ለማንም አልተናገሩም። ፊታውራሪ ግን ትናንት ‹ከሚሴ እንኳ ፊቷን አዞረችብኝ› አሉኝ። ፊታውራሪ፣ እርስዎ እስከ ዓርብ ኮምቦልቻ ከነበሩ፣ ከማን ሰሙት?»

ፊታውራሪ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ሊነሱ ሲሉ ምንዳዬ ቀጠለ።

«ከጀይላን ነው የሰሙት። የሰሙትም ከቤት ጠርተው ከወሰዱት በኋላ ነው።»

ገብረሥላሴ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ሐሙስ ተመልሰን ነበር» አለ። «ከመንገድ የጠራሁት እኔ ነኝ። ሁለቱን ወንዙ ዳር አደረስኳቸውና መኪናው ውስጥ ቀረሁ። ፊታውራሪ ‹ለሐጂ ያሉትን ጭሰኞቼን ስማቸውን ጥራ!› ሲሉ ሰማሁ። ‹ቃል ሰጥቻቸዋለሁ፣ አልጠራም› አላቸው። ከዚያ ከዘራቸው ሲያርፍበት ሰማሁ።»

ኡሚ እንባ አልወጣቸውም። ገዥው ተነስቶ ወደ ስልኩ ክፍል ገባ። ሲመለስ ምንዳዬን ቀና ብሎ አላየውም።

«ዕጩ ናቸው። ከምርጫው በኋላ ይታያል ተብሏል።»

«ከምርጫው በኋላ እኮ የሕዝብ እንደራሴ ናቸው! ማን ይከሳቸዋል?»

«እኔስ ምን ላድርግ ትለኛለህ፣ መቶ አለቃ?» አለ ገዥው ቀስ ብሎ።

ሲነጋ ገብረሥላሴ ቃሉን ካደ። ጀይላን ሰምጦ ሞተ ተብሎ ተጻፈ። ምንዳዬ ግን ገበሬዎቹን በየማሳቸው እየዞረ «ስማችሁን ሳይናገር ነው የሞተው፤ አትፍሩ» አላቸው። ገበሬዎቹ አቀርቅረው ሰሙት። ማን እርግጠኛ ይሆናል? ሰው እየተደበደበ ምን እንደሚናገር አላህ ነው የሚያውቀው።

በምርጫው ቀን ምንዳዬ የድምፅ ሳጥኑን እንዲጠብቅ ታዘዘ። ሕዝቡ ተሰልፎ ድምፁን ሰጠ፤ ሲወጣም አንድም ሰው ዓይኑን አላየውም። ፊታውራሪ ሣህሌ በከሚሴም በጨፋም አሸነፉ። በሐጂ ሙሳ አገር በሰንበቴ እንኳ አሸነፉ።

ወደ ደሴ የሚመልሰውን አውቶቡስ ሲጠብቅ ኡሚ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ እሱ መጡ።

«አሸነፉ አይደል?» አሉት።

«አዎ፣ እናቴ። ይቅር ይበሉኝ፤ አልቻልኩም።»

«እኔም እሳቸውን ነው የመረጥሁ።»

ምንዳዬ ቀና ብሎ አያቸው።

«ምን ላድርግ፣ ልጄ?» አሉ ኡሚ። «የጀይላን ታናሽ ወንድም የሚያርሰው የእሳቸውን መሬት ነው።»